የአጥንት ምርመራው «ከ18 በላይ ነው» ካለ በኋላ ከጎንደር ምን ይላካል?

አዘዞ ማዶ

እንደምን ሰነበታችሁ። ጉዳዩ የአንድ ጎንደር ተወልዶ ያደገ ልጅ ነው፤ ቤልጅየም ገብቶ ጥቅምት 2018 ዓ.ም. ላይ ጥገኝነት ጠይቋል። የተወለደው ጥር 11 ቀን 2001 ዓ.ም. ነው፤ ለእነሱም ይህንኑ ተናግሯል። አላመኑትም። የእጅ አንጓ፣ የመንጋጋ ጥርስና የክላቪክል (ከደረት ወደ ትከሻ የሚሄደው አጥንት) ራጅ ተነሥቶ «አማካይ ዕድሜ 20.1፣ ስታንዳርድ ዴቪዬሽን 1.8፤ ስለዚህ ከ18 በላይ» የሚል ወረቀት ደርሶታል። አሁን ከአዋቂዎች ጋር ነው የሚያድረው፤ ሞግዚትም አልተመደበለትም።

ቤተሰቡ እጅ ያለው ዘንድሮ የተጻፈ የክርስትና ምስክር ወረቀት፣ ጠርዙ የተበላ የክትባት ካርድ፣ ከ1ኛ እስከ 8ኛ ክፍል የትምህርት ቤት ካርድ ነው። ቁጥሩ ምን ማለት እንደሆነ፣ የትኛው ሰነድ ክብደት እንዳለው፣ እዚህ ጎንደር ያለው ወንድሙ ወይም ዘመድ ሐኪም ቤት ሄዶ የሚያወጣው ነገር ካለ የምታውቁ አስረዱን።

ራጅ አንባቢ

ከቁጥሩ ልጀምር፤ ብዙ ሰው የሚደነግጠው 20.1 የሚለውን ሲያይ ነው። ያ ቁጥር የልጁ ዕድሜ አይደለም። «አጥንቱና ጥርሱ እዚህ ደረጃ ላይ የደረሱ ሰዎች በማጣቀሻው ጥናት ውስጥ በአማካይ ይህን ያህል ዓመታቸው ነበር» ማለት ነው። ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑን (ሰዎች ከአማካዩ ምን ያህል እንደሚራራቁ የሚለካውን) አንድ ጊዜ ብትቀንሱ 18.3 ይሆናል፤ «ከ18 በላይ» የሚለው ድምዳሜ የመጣው ከዚህ ነው። ግን አንድ ጊዜ መቀነስ ከ100 ሰው 16 ያህሉን ከታች ጥሎ ይሄዳል። በሕክምና እንደተለመደው ሁለት ጊዜ ሲቀነስ ደግሞ 16.5 ይመጣል፤ ክልሉ ከ16.5 እስከ 23.7 ነው። ልጁ ማመልከቻውን ባስገባበት ቀን እንደ ቃሉ ከሆነ 16 ዓመት ከ9 ወር ነበረው። ስለዚህ የራሳቸው ወረቀት ልጁ ያለውን ዕድሜ አላፈረሰበትም። ጠበቃው መጀመሪያ መጻፍ ያለበት ይህንን ነው፤ አንድ አንቀጽ ይበቃል።

አሁን ወደ አካላቱ። የእጅ አንጓው የሚነበበው አብዛኛውን ጊዜ በግሮይሊክና ፓይል አትላስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1959 የታተመው ሁለተኛ እትም እስከ ዛሬ በሥራ ላይ ነው። ሥዕሎቹ የተወሰዱት ከ1930ዎቹ እስከ 1940ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ ክሊቭላንድ ከነበሩ ኑሯቸው ደህና ከሆነ ነጭ ሕፃናት ግራ እጅ ነው። የተሠራውም ዕድሜው የታወቀን ልጅ እድገቱ ዘገየ ወይስ ፈጠነ ብሎ ለመመርመር ነበር። እኛ እዚህ በሕፃናት ክፍል የምንጠቀምበት ለዚያ ነው፤ የልደት ቀን ሊያወጣ አልተዘጋጀም። በወንድ የአትላሱ መጨረሻ ሥዕል «19 ዓመት» ይላል። ነገር ግን 18 ሳይሞላው የአንጓው ግሮውዝ ፕሌት (አጥንቱ የሚያድግበት ለስላሳ ክፍል) ሙሉ በሙሉ የተዘጋ ጤነኛ ወንድ ልጅ ብርቅ አይደለም። በዚህ ዕድሜ የአንጓ ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ብቻውን አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ ነው።

ከዚህ የባሰ አንድ ወጥመድ አለ፤ የሚያነሣው ሰው ግን ጥቂት ነው። የተዘጋ አጥንት ተዘግቶ ይቀራል፤ በ17 የተዘጋው በ40ም እንደተዘጋ ነው። ስለዚህ «የተዘጋ አንጓ አማካይ ዕድሜ» የሚባለው ቁጥር ጥናቱ ውስጥ እስከ ስንት ዓመት ያሉ ሰዎች ገቡ በሚለው ይወሰናል። እስከ 21 ያሉትን ብቻ ካስገቡ አማካዩ ዝቅ ይላል፤ እስከ 30 ካስገቡ ከፍ ይላል። አጥንቱ አልተለወጠም፣ የናሙናው ጣሪያ ነው የተለወጠው። ሦስተኛው መንጋጋ (መጨረሻ የሚበቅለው ጥርስ) ላይም ያው ነው። ዴሚርጂያን በተባለው አቆጣጠር ጥርስ ከኤ እስከ ኤች ስምንት ደረጃ አለው፤ ኤች ማለት የሥሩ ጫፍ ተዘግቶ አልቋል ማለት ነው። ወረቀቱ ላይ ጥርሱ ኤች፣ አንጓውም ሙሉ በሙሉ የተዘጋ ከሆነ ከሁለቱ የወጣው አማካይ ብዙ ሊታመን አይገባም። ለጠበቃው «እያንዳንዱ አካል የትኛው ደረጃ ተሰጠው? በየትኛው ማጣቀሻ ጥናት? የጥናቱ የዕድሜ ጣሪያ ስንት ነው?» ብሎ እንዲጠይቅ ንገሩት።

ስለ ጥርስ ሌላም አለ። ከደቡብ አፍሪካ ጥቁሮች፣ ከጀርመኖችና ከጃፓኖች ተወስዶ የተወዳደረ ጥናት የአፍሪካውያኑ ሦስተኛ መንጋጋ ከጀርመኖቹ ከአንድ እስከ ሁለት ዓመት ቀድሞ እንደሚጎለብት አሳይቷል። በአውሮፓ ሰንጠረዥ የአፍሪካን ልጅ ጥርስ የሚያነብ ሰው ዕድሜ ይጨምርበታል ማለት ነው። አጥንት ላይ ግን በተቃራኒው ነው፤ ድህነትና የምግብ እጥረት የአጥንት ብስለትን ያዘገያሉ እንጂ አያፈጥኑም። ስለዚህ «ልጁ ተርቦ ስላደገ አጥንቱ አርጅቶ ታየ» የሚል መከራከሪያ አትጻፉ። ባለሙያ ያነበበው ቀን ሌላውንም ክርክራችሁን ያጠፋባችኋል። ብስለትን የሚያፈጥኑት ያለጊዜው የመጣ ጉርምስና፣ የታይሮይድ ሆርሞን መብዛትና አንዳንድ የአድሬናል ችግሮች ናቸው፤ የሕክምና ታሪክ ካለው ወረቀቱን ላኩ።

ክላቪክሉ ከሦስቱ ጠንካራው ነው፤ በደረት በኩል ያለው ጫፉ ከሁሉም አጥንት ዘግይቶ ስለሚዘጋ። ነገር ግን ጥንካሬው በሲቲ ስካን፣ ያውም ከ1 ሚሊሜትር ባልበለጠ ስስ ቁራጭ ሲነሣ ነው። ደረጃው ከ1 እስከ 5 ነው፤ 2 እና 3 ደግሞ ሀ፣ ለ፣ ሐ ተብለው ይከፈላሉ። 3ሐ እና ከዚያ በላይ ሲሆን ብቻ ነው በታተሙት ጥናቶች ታናሹ ሰው 19 ዓመት ገደማ የሆነው። ተራ ራጅ ከሆነ ጎድን አጥንትና አከርካሪ ተደራርበውበት ጫፉ በደንብ አይለይም። ወረቀቱ «ራጅ» ይላል ወይስ «ሲቲ»? ይህን አጣሩ።

እዚህ ጎንደር ወንድሙን ወይም ሌላ ዘመድ ራጅ አንሥቶ መላክ አንዳች አይረባም። የወንድም አጥንት ስለ ልጁ ዕድሜ አይመሰክርም።

ጃንተከል

ራጁን ለባለሙያው ትቼ ስለ ወረቀቱ ልናገር፤ ጉዳዩ የሚዞረው እዚያ ላይ ነው።

መጀመሪያ ቀኑ በትክክል መተርጎሙን አረጋግጡ። ጥር አምስተኛ ወር ስለሆነ ሰነዱ ላይ 11/05/2001 ተብሎ ይጻፋል። የውጭ ጸሐፊ ይህን ሲያይ ሜይ 11 ቀን 2001 እ.ኤ.አ. ነው ብሎ ይመዘግባል፤ ልጁ በአንድ ብዕር 7 ዓመት ከ8 ወር አረጀ። ትክክለኛው ጃንዋሪ 19 ቀን 2009 ነው። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ለተወለደ 7 ይደመራል፣ ከታኅሣሥ 23 ጀምሮ 8። ጳጉሜን 6 ከሆነችበት ከዘመነ ሉቃስ ቀጥሎ በሚመጣው በዘመነ ዮሐንስ ደግሞ መስከረም 1 ሴፕቴምበር 12 ላይ ስለሚውል መሸጋገሪያው በአንድ ቀን ይቀድማል፤ ታኅሣሥ 22 ራሱ ጃንዋሪ 1 ይሆናል። በስልክ አፕሊኬሽን የሚቀይር ሰው እንኳ ሁሌ 8 የሚደምር አለ፤ ጥቅምት 2001 የተወለደን ልጅ ኦክቶበር 2009 ያደርገዋል፤ ትክክሉ 2008 ነው። በጳጉሜን የተወለደማ ሌላ ጣጣ አለበት፤ ቅጹ 13ኛ ወር ስለማይቀበል ጸሐፊው የመሰለውን ይሞላል። ትርጉሙ ላይ የኢትዮጵያው ቀን በፊደልና በቁጥር እንዳለ ይቀመጥ፤ የፈረንጁ ቀን በቅንፍ ይከተለው። ተርጓሚው የኢትዮጵያውን ቀን ጠቅልሎ ካጠፋው በኋላ የሚመረምር ሰው ስሕተቱን ሊያገኘው አይችልም።

ሁለተኛው የአነጋገራችን ጉዳይ ነው። እኛ ዘንድ «17 ይዟል» እና «17 ሞልቶታል» ይለያያሉ። ልጁ በቃለ መጠይቅ «አሥራ ሰባት» ብሎ ሰነዱ 16 ከ9 ወር ካለ፣ መርማሪው «ሁለት ዕድሜ ሰጠ» ብሎ ይይዘዋል። አስተርጓሚው ይዞ ወይስ ሞልቶት እንደሆነ ካልጠየቀ ልጁ ራሱ እንዲያስረዳ ይነገረው።

ወደ ሰነዶቹ ስንመጣ፣ የክርስትና ምስክር ወረቀቱ ዘንድሮ መጻፉ ብቻውን አይጥለውም፤ ነገር ግን ብቻውን አይቆምም። ከደብሩ የሚፈለገው የጥምቀት መዝገቡ ገጽ ፎቶ ነው፤ ከልጁ በፊትና በኋላ የተጠመቁት ሕፃናት ጭምር የሚታዩበት ሙሉ ገጽ። አንድ መስመር ብቻ ተቆርጦ ከተላከ፣ በኋላ የተጨመረ ይመስላል። ወንድ በ40 ቀኑ ስለሚጠመቅ ጥር 11 የተወለደ የካቲት 20 አካባቢ መዝገብ ላይ መገኘት አለበት። ሴት ብትሆን 80 ቀን ትቆጥራላችሁ። የአርባው ቀን ልማድ ምን እንደሆነ ቤልጅየም ያለው ሰው አያውቅም፤ የደብሩ ኃላፊ በማኅተም ሁለት መስመር ቢጽፍበት መልካም ነው።

ከትምህርት ቤት ካርዱን ሳይሆን ሮስተሩን ጠይቁ፤ የየዓመቱ የስም ዝርዝር ላይ የዕድሜ ዓምድ አለ። ከ1ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ያለው ዕድሜ በየዓመቱ በአንድ መጨመሩን እዩ። አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው ችግር አንድ ዓመት ላይ የክፍል ኃላፊው በግምት ሞልቶት 11፣ 12፣ 12፣ 15 ብሎ መዝለሉ ነው። እንዲህ ካለ አትደብቁት፤ ርእሰ መምህሩ ዕድሜው በየዓመቱ በቃል ይሞላ እንደነበር በደብዳቤ ይግለጽ። በ2008 1ኛ ክፍል የገባ ልጅ በ2015 8ኛ ላይ ከተገኘ ዓመቱ ይገጥማል። ሁለት ዓመት የጎደለ ከሆነ ግን ምክንያቱ ይጻፍ፤ 2012 መጋቢት ላይ ትምህርት ቤቶች በኮቪድ መዘጋታቸውን እነሱም ማጣራት ይችላሉ።

የወንድም እህቶቹንም የልደት ቀን አስተያዩ። ታናሹ ሰኔ 2001 ተብሎ የተመዘገበ ከሆነ የጥር 11ዱ ልደት አለቀለት፤ በአምስት ወር ሁለት ልጅ የለም።

አዘዞ ማዶ

እግዚአብሔር ይስጥልን። ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛው አጎቱ «አዲስ የልደት ሰርተፊኬት ከወሳኝ ኩነት አውጥተን እንላክ» ይላሉ። ሁለተኛው ደግሞ «የታዳጊ ኳስ ተጫዋቾች ዕድሜ በኤምአርአይ (በማግኔት የሚነሣ ምስል) ነው የሚለየው፣ ልጁም ኤምአርአይ ይጠይቅ» የሚል ሰው አለ። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው «ራጅ» ነው፤ ሲቲ አይልም።

ራጅ አንባቢ

ፊፋ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ለ17 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ የእጅ አንጓ ኤምአርአይ ይጠቀማል፤ ልክ ነው። ግን ጥያቄው ሌላ ነው። እነሱ ስድስት ደረጃ ያለው መዘርዝር ይዘው አንጓው ሙሉ በሙሉ የተዘጋውን ከውድድር ያስቀራሉ፤ ከ17 በታች ሆኖ እንዲህ የሚዘጋበት ወንድ ከመቶ አንድ እንኳ ስለማይሞላ። አንድ ልጅ በስሕተት ቢቀር አንድ ውድድር ያመልጠዋል፤ ያ ዋጋ ተቀባይነት አግኝቷል። የ17 እና የ18 ድንበር ግን በአንጓ አይለይም፤ ከ17 በኋላ መዝጊያው በብዙ ልጆች ላይ ስለሚከሠት። ስለዚህ የአንጓ ኤምአርአይ ለዚህ ልጅ አይጠቅመውም፤ ሊጎዳውም ይችላል። ስዊድን እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ የጉልበት ኤምአርአይና የጥርስ ራጅ አጣምራ ትሠራ ነበር፤ እሱም ብዙ ክርክር አስነሥቷል።

ጨረሩ ለሚያስጨንቃቸው ቤተሰቦች፦ የእጅ ራጅ ከ0.001 ሚሊሲቨርት በታች ነው፣ የመንጋጋው ፓኖራማ 0.02 ገደማ፣ የክላቪክል ሲቲ ግማሽ ሚሊሲቨርት አካባቢ። ማንም ሰው ከአፈርና ከሰማይ በዓመት በአማካይ 2.4 ይቀበላል። መጠኑ ትንሽ ነው። ክርክሩ ለሕክምና ጥቅም የማይሰጥ ጨረር በልጅ ላይ ይፈቀዳል ወይ የሚለው ነው፤ እሱ ደግሞ የሥነ ምግባር ጥያቄ እንጂ የመጠን አይደለም።

ምስሎቹ በሲዲ ወይም በፋይል እንዲሰጡት ይጠየቅ። የጽሑፍ ሪፖርት ብቻ ይዞ ሌላ ሐኪም አስተያየት ሊሰጥ አይችልም። ተራ ራጅ ከሆነ የክላቪክሉ ክፍል ላይ «ጫፉ በግልጽ ይታያል ወይ?» የሚለው የመጀመሪያ ጥያቄ ይሁን።

የማራኪው

በሰርተፊኬቱ ላይ ከአጎትየው ጋር አልስማማም። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር ደረጃ የተጀመረው ነሐሴ 2008 ዓ.ም. ነው (አዋጁ 760/2004 ቢሆንም)። በ2001 የተወለደ ልጅ ዛሬ ሲመዘገብ ሰርተፊኬቱ ላይ ሁለት ቀን ይወጣል፤ የልደትና የምዝገባ። የምዝገባው ቀን ከቤልጅየሙ ውሳኔ በኋላ ከሆነ «ለጉዳዩ ሲባል የወጣ» ተብሎ ይነበባል። ያለ ምንጭ ሰነድ የወጣ ሰርተፊኬት ቤተሰቡ የተናገረውን በማኅተም መድገም ብቻ ነው። ለማውጣት ከወሰናችሁ መዝጋቢው ያየውን ማስረጃ (የክትባት ካርድ፣ የጥምቀት መዝገብ) ቅጂ አብራችሁ አያይዙ። የምዝገባ ቀኑ ወደ ኋላ ተስቦ እንዲጻፍ የሚያግባባ ደላላ ከመጣ በሩን ዝጉበት፤ በ2001 የተመዘገበ የሚል የአዲሱ ዓይነት ሰርተፊኬት ራሱን በራሱ ያጋልጣል፤ አብረውት የተላኩትን እውነተኛ ወረቀቶችም ይዞ ይወድቃል።

ሕጉን በአጭሩ። የቤልጅየም የሞግዚትነት ሕግ (እ.ኤ.አ. የዲሴምበር 24 ቀን 2002 ሕግ) አንቀጽ 7 ጥርጣሬ ሲኖር ከምርመራው ውጤት ዝቅተኛው ዕድሜ ይወሰዳል ይላል። «ዝቅተኛው» በአንድ ዴቪዬሽን ነው ወይስ በሁለት የሚለው ነው ራጅ አንባቢ ያነሣው፤ ክርክሩ እዚያ ይገባል። ውሳኔውን ለማሰረዝ ለመንግሥት ምክር ቤቱ (ኮንሴይ ዴታ፤ የአስተዳደር ውሳኔ የሚሽር ፍርድ ቤት) ይግባኝ የሚባለው ውሳኔው በደረሰ በ60 ቀን ውስጥ ነው። 60ውን ቀን በቀን ቁጠሩት፤ «ሁለት ወር» ብላችሁ በግምት አትያዙ። ሰነዱ እስኪደርስ ይግባኙ አይጠብቅ፤ ጠበቃው ያስገባና ሰነዱ ይከተላል።

ለልጁ የሚጠቅሙ ሁለት ነገሮች አሉ። የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብት ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2017 ከስደተኛ ሠራተኞች ኮሚቴ ጋር ባወጣው የጋራ አጠቃላይ አስተያየት፣ አገሮች በአጥንትና በጥርስ ላይ ከቆመ የሕክምና ምርመራ እንዲቆጠቡ፣ ያሉት ሰነዶችም ተቃራኒ ማስረጃ እስካልቀረበ እንደ እውነተኛ እንዲታዩ ብሏል። የስትራስቡርጉ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት ደግሞ እ.ኤ.አ. በማርች 2025 በዚያችው በቤልጅየም ላይ በቀረበ የአንዲት የጊኒ ልጅ ጉዳይ የግል ሕይወት መብቷ ተጥሷል ብሎ ፈርዷል፤ የአጥንት ምርመራው የመጨረሻ አማራጭ መሆን ሲገባው ቀድሞ በመደረጉና ፈቃዷ በበቂ መረጃ ላይ ያልተመሠረተ በመሆኑ። ልጃችሁ ከምርመራው በፊት በሚገባው ቋንቋ ተነግሮት ነበር? በአማርኛ አስተርጓሚ? የፈረመው ወረቀት በምን ቋንቋ ነው? ቀኑንና ሰዓቱን ጽፎ ይያዘው።

ሌላ አገር ያሉ ልጆችም ስላሉ እግረ መንገዴን፦ ፈረንሳይ የአጥንት ራጅ ያለ ዳኛ ፈቃድና ያለ ልጁ ስምምነት አይደረግም፤ የስሕተት ህዳጉም መጻፍ አለበት (የፍትሐ ብሔር ሕግ 388)። ጀርመን ወረቀትና ሁለት ሰው ልጁን አይቶ የሚያደርገው ግምገማ ይቀድማል፤ ሐኪም የሚመጣው ሲጠራጠሩ ነው። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. ከ2003ቱ የመርተን ፍርድ ጀምሮ ቃለ መጠይቁን የሚያደርጉት ሁለት ማኅበራዊ ሠራተኞች ናቸው። ከዴንማርክ በቀር በአውሮፓ ኅብረት ደግሞ ከሰኔ 5 ቀን 2018 ዓ.ም. (ጁን 12 ቀን 2026) ጀምሮ ለሚገቡ ማመልከቻዎች የጥገኝነት አሠራር ደንብ 2024/1348 ይሠራል፤ በብዙ ሙያ የሚደረግ ግምገማ ይቀድማል፣ ሕክምና በስተመጨረሻ ነው። ያ ደንብ ምርመራን እምቢ ያለ ልጅ አዋቂ ነው የሚል ግምት እንዲወሰድ ይፈቅዳል፤ በማስረጃ የሚፈርስ ግምት ቢሆንም ሸክሙ ወደ ልጁ ይዞራል። ስለዚህ «አልነሣም በል» ብላችሁ ከዚህ አትምከሩት፤ ከጠበቃው ጋር ይወስን።

ዕድሜው ከመጠለያ ያለፈ ነገር እንደሚወስን ወላጆቹ ይወቁት። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2018 ኔዘርላንድ በገባች ኤርትራዊት ልጅ ጉዳይ እንደወሰነው፣ ጥገኝነት ሲጠይቅ ከ18 በታች የነበረ ልጅ ጉዳዩ ሲጓተት 18 ቢሞላውም ወላጆቹን የማምጣት መብቱ አይጠፋም፤ ማመልከቻው ግን ስደተኛነቱ በታወቀ በ3 ወር ውስጥ መግባት አለበት።

መተማ በር

ሰነዱን ሁሉ አሟልታችሁ የሚያፈርሱት ሌሎች ናቸው፤ እነሱን ፈትሹ። በመንገድ ላይ ጣሊያን ወይም ግሪክ አሻራ ሲሰጥ «18 ሞልቶኛል» ብሎ ከሆነ በዩሮዳክ (የአውሮፓ የጥገኝነት ጠያቂዎች አሻራ መዝገብ) በኩል ይደረስበታል፤ ብዙ ልጆች ከካምፕ ቶሎ ለመውጣት ይህን ይላሉ። የልደት ቀን ሳይጠየቅ 01/01 ተብሎ የተሞላም አለ። ፌስቡክ የተከፈተው በ10 ዓመቱ ከሆነ 13 እንዲሞላለት የልደት ዓመቱ ወደ ኋላ ተስቧል፤ መርማሪ ያየዋል። ወደ ዐረብ አገር ለሥራ ዕድሜ ተጨምሮበት የወጣ ፓስፖርት ካለ ደግሞ ከሁሉም የባሰው እሱ ነው፤ በተለይ በሴቶቹ ላይ። መድኃኒቱ አንድ ነው፤ እነሱ ሳያገኙት ልጁ በጽሑፍ ቀድሞ ይናገር፣ ምክንያቱን ያስረዳ።

ኤምባሲ ሄዶ ሰነድ እንዲያወጣ አትላኩት። ከመንግሥት ሸሽቼ መጣሁ ያለ ሰው የመንግሥቱን ኤምባሲ ሲያንኳኳ የጥገኝነቱ ጥያቄ ራሱ ይላላል። ሰነዱ ከቤተሰብ ወደ ጠበቃው ይሂድ።

ጃንተከል

የማራኪው ስለ ሰርተፊኬቱ ያለው ልክ ነው፤ እኔም አውጡ አላልሁም። አዘዞ ማዶ፣ የክትባት ካርዱ ላይ ምን እንደተጻፈ በዝርዝር ብትነግረን ይሻላል፤ ማንም ያላየው ትልቁ ማስረጃ እሱ ሊሆን ይችላል።

አዘዞ ማዶ

ካርዱ ላይ፦ ቢሲጂ (የሳንባ ነቀርሳ ክትባት) ጥር 13/2001፣ ፔንታ (አምስት በሽታ በአንድ የሚከላከለው ክትባት) 1 የካቲት 25/2001፣ ፔንታ 2 መጋቢት 24፣ ፔንታ 3 ሚያዝያ 22፣ ኩፍኝ ጥቅምት 16/2002። ፔንታ 1 ላይ ክብደት 4.6 ኪሎ ይላል። የእናቱ ስምና ቀበሌ አለ፤ የካርድ ቁጥሩ ግማሹ ተቀዷል።

ክትባት ክፍል

እንግዲህ ቁጠሩ። ፔንታ የሚሰጠው በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት ነው፤ ኩፍኝ በ9 ወር። ከጥር 11 ተነሥቶ 6 ሳምንት የካቲት 23 ላይ ይሞላል፤ ካርዱ የካቲት 25 ይላል። ሁለተኛውና ሦስተኛው እያንዳንዳቸው ከ4 ሳምንት በኋላ ናቸው። 9 ወሩ ጥቅምት 11 ይሞላል፤ ኩፍኙ በአምስት ቀን ዘግይቷል፤ ይህ ጤና ጣቢያ የሚታወቅ መዘግየት ነው። ሁሉም ልክ በቀኑ ቢሆን ነበር የሚያጠራጥረው።

ሌላ መፈተሻ ደግሞ የክትባቶቹ ዓይነት ነው። ፔንታ አገራችን የገባው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው፤ የሳንባ ምች ክትባቱ (ፒሲቪ) በ2011፣ ሮታ (የተቅማጥ ክትባቱ) በ2013። በ2001 ዓ.ም. የተወለደ ሕፃን ካርድ ላይ ፔንታ መኖሩ፣ ፒሲቪና ሮታ አለመኖሩ ትክክል ነው። ቢኖሩ ኖሮ ካርዱ በኋላ የተጻፈ ነው ይባል ነበር። ልጁ የቤልጅየሙ ወረቀት እንደሚለው 20 ዓመት ቢሆነው ደግሞ የተወለደው በ1998 አካባቢ ነው፤ ያኔ ፔንታ አልገባም።

ክብደቱን ለጠበቃው አስምሩበት። የካቲት 2001 ላይ 4.6 ኪሎ የሚመዝን ፍጡር የስድስት ሳምንት ሕፃን ነው፤ የሦስት ዓመት ልጅ አይደለም። ጥቅምት 2018 ላይ 20 ዓመት ሊሞላው የሚችልበት መንገድ የለም። የሚቀራቸው ጥያቄ «ካርዱ የዚህ ልጅ ነው ወይ?» የሚል ብቻ ነው። ለዚያ የእናት ስም፣ የአባት ስምና ቀበሌ በካርዱ፣ በጥምቀት መዝገቡና በሮስተሩ ላይ አንድ ዓይነት መሆናቸውን አሳዩ፤ የስም አጻጻፍ ከተለያየ (ኃይሌና ሀይሌ) በማስታወሻ ይገለጽ። ከዚያ ጤና ጣቢያው ሄዳችሁ የ2001ን የክትባት መዝገብ እንዲፈልጉላችሁ ጠይቁ፤ ካርድ ቁጥሩ ቢቀደድም በእናት ስምና በየካቲት 25 ቀን ይገኛል፣ መዝገቡ ካልተወገደ። ከተገኘ የሙሉ ገጹን ፎቶና ማኅተም ያለው ደብዳቤ ውሰዱ።

ካርዱን ላሚኔት አታስደርጉት፤ ቀለሙንና ወረቀቱን የሚመረምር ሰው ዋናውን መንካት አለበት። የተቀደደውን በፕላስተር አትለጥፉ። ሁለቱንም ገጽ በቀለም ስካን አድርጋችሁ ለጠበቃው በኢሜይል ላኩ፤ ዋናውን እሱ ላኩልኝ ሲል ብቻ ላኩት፣ መከታተያ ቁጥር ባለው ፖስታ።

አዘዞ ማዶ

ነገ ጠዋት ጤና ጣቢያው ሲከፈት እናቱ ይሄዳሉ። መዝገቡ ከተገኘ እዚሁ እጽፋለሁ።